ሃያ ቅጽ ያለው የታሪክ ልቦለድ እንዴት ይጀመራል?

ብዛቱን አይታችሁ አትደንግጡ። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው የፓትሪክ ኦብራያን የባሕር ኃይል ልቦለድ 20 የተጠናቀቁ መጻሕፍት አሉት። የመጀመሪያው በ1969 እ.ኤ.አ. ወጣ።

ከእሱ ጀምሩ፤ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። የባሕር ኃይል መኮንኑ ጃክ ኦብሪና ሐኪሙ ስቲቨን ማቱሪን የሚተዋወቁት እዚያ ነው፤ በ1800 እ.ኤ.አ.፣ በሚኖርካ ደሴት፣ ሙዚቃ እየሰሙ ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም። ሃያውንም መጽሐፍ የሚሸከመው ከዚያ በኋላ የመጣው ጓደኝነታቸው ነው። አንዱ ቫዮሊን፣ ሌላው ቼሎ ይጫወታል። እነዚያን ምሽቶች ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

የሸራና የገመድ ስም ይበዛል። መዝገበ ቃላት አትግለጡ፣ ዝም ብላችሁ እለፉ። ማቱሪንም ስለ መርከብ አያውቅም፤ ለእሱ ሲያስረዱት እናንተም ትማራላችሁ። ካርታ ግን አጠገባችሁ ይኑር።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ትልቅ ውጊያ ስትጨርሱ እውነተኛውን ታሪክ ፈልጉ። በግንቦት 1801 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ የባሕር ኃይል መኮንን ቶማስ ኮክሬን 14 መድፍ ባላት ስፒዲ በተባለች መርከብ፣ 32 መድፍ የያዘችውን የስፔን መርከብ ኤል ጋሞን ማርኳል። ደራሲው የተነሳው ከዚህ ነው። ይህን አውቄ ምዕራፉን ስደግመው ልቤ ድው ድው ይል ነበር።

ሁለተኛው መጽሐፍ ባሕር ላይ ቢጀምርም ብዙም ሳይቆይ ወደ የብስ ይወጣል። ባሕሩ ይናፍቃችኋል፤ ታገሡት።