ስራመድ የሚጠፋው የእጅ ባትሪ

ድሬዳዋ ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. የደረሰላት ከተማ ናት፤ ከባቡሩ ዘመን የቀሩ ባዶ ሕንፃዎችም አሏት። ጥበቃውን አስፈቅጄ ወደ አንድ አሮጌ መጋዘን ስገባ የእጅ ባትሪዬ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ስቆም ይረጋጋል፤ ስራመድ ይጠፋል። ወለሉ ላይ ፉርጎ ከሥር የሚጠገንበት ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ስላየሁ ወዲያው ተመለስኩ።

አራት ቀን ባከነብኝ። መጀመሪያ 18650 የሚባለውን፣ እየተሞላ የሚሠራውን የባትሪ ድንጋይ በሌላ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ቻርጀሩን ጠረጠርኩ፤ ድንጋዩን በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ስለካው ግን 4.1 ቮልት አሳየ። ሙሉው 4.2 ስለሆነ ጤነኛ ነው። ቀጥሎ ጥፋቱን በአምፖሉ ላይ አድርጌ አዲስ የእጅ ባትሪ ልገዛ ተነሣሁ።

መልሱን ያገኘሁት የኋላ ክዳኑን ፈትቼ የድንጋዩን ኔጌቲቭ ጫፍ ድንጋዩ ከሚገባበት የብረት ቱቦ ቀለም የሌለው ጠርዝ ጋር በአጭር ሽቦ ሳገናኝ ነው። ብርሃኑ ቀጥ ብሎ በራ፤ ባወዛውዘውም አልተንቀጠቀጠም። ችግሩ ክዳኑ ውስጥ ነበር ማለት ነው። የቱቦው ብረት ራሱ የኤሌክትሪክ መመለሻ መንገድ መሆኑን ከዚያ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም።

ክዳኑ ውስጥ ማብሪያውን የሚይዘው ባለጥርስ ቀለበት ላልቷል። የወረንጦ ጫፎችን በሁለቱ ቀዳዳዎቹ አስገብቼ አጠበቅሁት። የቱቦውን ጠርዝና ጥርሶቹን አልኮል በነካ ጥጥ ስጠርግ ጥቁር እድፍ ወጣ፤ ጥጡ ንጹሕ እስኪሆን ደጋገምኩት።

በማግስቱ ሁለተኛ መብራት ግንባሬ ላይ አስሬ ተመለስኩ። ጉድጓዱን ዞሬ እስከ መጨረሻው ግድግዳ ደረስኩ፤ የእጅ ባትሪው አንድ ጊዜም አልጠፋም።