«ተዋናይዋ አስጠላችኝ» ከማለታችሁ በፊት

ድራማ ላይ መከራከር እወዳለሁ። «ልብ ወለድ ነው፣ ምን ያጨቃጭቃል?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ከእነሱ ጋር ድራማ አላይም። ቅሬታዬ ግን በተከራካሪዎቹም ላይ ነው። ግማሹ «ስታምር!» ብሎ ያልፋል፤ ግማሹ «አስጠላችኝ» ብሎ ያልፋል። ምኗ? የትኛው ክፍል ላይ? መልስ የለም። ተከታታይ ድራማ እያየሁና ከእህቴ ጋር እየተጨቃጨቅሁ ያዳበርኩትን ዘዴ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ የተናደዳችሁት በማን እንደሆነ ለዩ። በገጸ ባሕርይዋ ነው? በደራሲው ነው? ወይስ በተዋናይዋ? ሦስቱ በቀላሉ ይምታታሉ። እህቴ ክፉ አማት ሆና የምትጫወት ተዋናይ በቃለ መጠይቅ ላይ ስትስቅ ካየች «አታፍርም እንዴ?» ትላለች። ሴትዮዋ ምን አጠፋች? እንዲህ ካስጠላችን ሥራዋን አሳምራ ሠርታለች ማለት ነው።

ድራማው እንዴት እንደሚጻፍ ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በየቀኑ በሚተላለፉት የአሜሪካ ድራማዎች ዋናው ደራሲ የወራቱን ታሪክ ይነድፋል። ሌሎች ያንን በየክፍሉ ይከፋፍሉታል። ንግግሩን የሚጽፉት ደግሞ ሌሎች ናቸው። ተዋናይዋ የምትመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ትናንት ብልህ የነበረች ሴት ዛሬ ጠላቷ ያቀረበላትን ውል ሳታነብ ብትፈርም፣ ተዋናይዋን አትስደቡ። እኔ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በጣም የማደንቃት ተዋናይ ይህንኑ ንግግር ብትናገረው ይሻሻል ነበር? «አይ» ካልኩ ወቀሳው ወደ ደራሲው ይሄዳል።

ሁለት ሐሳብ በአንድ ጊዜ መያዝም ይቻላል። በአሜሪካው «ጄኔራል ሆስፒታል» ድራማ ሉክ ላውራን የደፈረበት ክፍል በ1979 ተላለፈ። ከዚያ ሁለቱ ፍቅረኛሞች ተደረጉ። በ1981 ሲጋቡ ሠርጋቸውን በአሜሪካ 30 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከተው። ሁለቱን የሚጫወቱት አንቶኒ ጊሪና ጂኒ ፍራንሲስ ፊት ለፊት ሲቆሙ ዓይን አይነቀልም፤ ይህን ማንም አይክደኝም። ታሪኩ ግን ወንጀልን በፍቅር ሸፈነ። ድራማው ራሱ በ1998 ወደዚያ ጉዳይ ተመልሶ በግልጽ አንስቶታል። «ትወናው ድንቅ፣ ጽሑፉ ነውር» ብሎ መጻፍ ክልክል አይደለም።

አሁን ወደ ትወናው እንምጣ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የፊልም ተዋናይ አንዲትን ትዕይንት ቀኑን ሙሉ ሊደጋግማት ይችላል። የዕለታዊ ድራማ ተዋናይ ግን በአንድ ቀን የአንድ ሙሉ ክፍል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትዕይንት ሲቀረጽ ይውላል። ለመደጋገም ጊዜ የለም። ያ ማስታወቂያ ሊገባ ሲል ፈዝዞ ማፍጠጥም የሚሳቅበት ነገር ነው፤ ግን የተዋናዩ ፈጠራ አይመስላችሁ። ካሜራው እስኪቆረጥ ፊቱን እንዲይዝ ተነግሮት ነው። በዚህ የሚያሾፍ ሰው ሥራው ላይ እንጂ ሰውየው ላይ እንዳላሾፈ ይወቅ።

ታዲያ ምኑን እንይ? የሚያዳምጠውን ሰው እዩ። መናገርማ ሁሉም ይናገራል። ጎበዝ ተዋናይ የሚታወቀው ሌላው ሲያወራ ነው። መርዶ ስትሰማ ዜናው ሳይገባት ቀድማ የምታለቅስ ተዋናይ ጽሑፉን ቀድማ እንዳነበበች እያሳበቀች ነው። ከእናቷ ጋርና ከጠላቷ ጋር በአንድ ዓይነት ድምፅ የምታወራም እንደዚያው። እጅ ላይም አተኩሩ፤ ፊት ይዋሻል፣ እጅ ግን ምን ማድረግ እንዳለበት ሲጠፋው ያስታውቃል።

የምመክራችሁ ልምምድ ይህ ነው። አንዲት ትዕይንት ምረጡ። እንደተለመደው እዩዋት። ከዚያ ድምፁን አጥፍታችሁ እንደገና እዩዋት። ሙዚቃው ሲጠፋ ብዙ ሐዘን አብሮ ይጠፋል! የቀረው የተዋናዩ ነው።

በትርጉም ድምፅ ለሚቀርብ ድራማ ይህ ልምምድ የግድ ነው። የምትሰሙት ድምፅ የምታዩት ሰው ድምፅ አይደለም። «ድምፁ ሲያምር» ብላችሁ ተዋናዩን ካደነቃችሁ የሌላ ሰው ላብ ለእሱ ሰጣችሁ ማለት ነው። የድምፅ ተዋናዩ ስሙ ከተጻፈ ስሙን ጠርታችሁ አመስግኑት። ካልተጻፈም «ድምፁን የሰጠው ሰው» በሉ፤ ይበቃል።

የቱርክ ድራማ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚያው አገራቸው አንድ ክፍል በሳምንት አንዴ ይተላለፋል፤ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ያ ሁሉ ዝምታና ቀስ ያለ አተያይ ከዚህ ርዝመት ነው የሚመጣው። ለውጭ ሲሸጥ ክፍሉ ብዙ ጊዜ ወደ አጫጭር ክፍሎች ይቆራረጣል። ስለዚህ «ክፍሉ ምንም ሳይፈጠር አለቀ» ብላችሁ ደራሲውን ከመውቀሳችሁ በፊት፣ ያያችሁት የአንድ ክፍል መሐሉ ሊሆን እንደሚችል አስቡ። እኔ እንዲህ ባለ ድራማ ላይ ሐሳብ የምሰጠው ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ክፍሎች ካየሁ በኋላ ነው።

ተዋናይ ሲቀየር ሁላችንም እናብዳለን። በኦቶማን ቤተ መንግሥት ታሪኩ በታወቀው የቱርክ ድራማ «ሙህተሼም ዩዝዪል» የሱልጣኑን ሚስት ሑረምን ስትጫወት የነበረችው ሜሪየም ኡዘርሊ በ2013 ወጣች። በቦታዋ ቫሂዴ ፐርቺን ገባች። «ይቺ ሑረም አይደለችም» ያላለ የለም። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ሑረምም አርጅታለች፤ ልጆቿ ለዙፋን የሚፋለሙበት ጊዜ ደርሷል። የመጀመሪያዋን ነበልባል ከሁለተኛዋ መጠበቅ ልክ አይመስለኝም። ፐርቺን ክብደት ይዛ መጣች፤ ለእኔ በቂ ነው። እህቴ እስከ ዛሬ አልተስማማችም። በተቀየረ ተዋናይ ላይ የመጀመሪያውን ሳምንት ዝም በሉ። ከዚያ ፊቷን ከፊት ጋር አታወዳድሩ፤ ገጸ ባሕርይዋ የምትፈራውንና የምትፈልገውን ነገር ይዛለች ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

«ተንዛዛ» የሚለው ወቀሳም የድራማውን ዓይነት ይጠይቃል። የእንግሊዙ «ኮሮኔሽን ስትሪት» ከ1960 ጀምሮ እየተላለፈ ነው። ዊልያም ሮች ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ኬን ባርሎውን ሲጫወት ኖሯል። እዚያ ማንም መጨረሻ አይጠብቅም። የላቲን አሜሪካ ተከታታይ ድራማ፣ ቴሌኖቬላ፣ ግን መጨረሻ አለው። የኮሎምቢያው «ዮ ሶይ ቤቲ፣ ላ ፌያ» በ1999 ተጀምሮ በ2001 አለቀ። ቴሌኖቬላ ሲንዛዛ ማማረር ተገቢ ነው። ኮሮኔሽን ስትሪትን «መቼ ነው የሚያልቀው?» ማለት ግን ሌላ ነገር መፈለግ ነው።

ሽልማትን ማስረጃ አታድርጉ። ሱዛን ሉቺ በአሜሪካው ድራማ «ኦል ማይ ቺልድረን» ኤሪካ ኬንን ስትጫወት 18 ጊዜ ለኤሚ፣ ለአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት፣ ታጭታ ባዶ እጇን ተመለሰች። በ1999፣ በ19ኛው አሸነፈች። በዚያ ዓመት ድንገት ጎበዝ ሆነች?

«አይታመንም» ለሚለው ቅሬታ የራሴ ሕግ አለኝ። የሞተ ሰው ቢመለስ አልፋለሁ። ሕፃኑ በአንድ ዓመት ውስጥ ጎረምሳ ቢሆንም አልፋለሁ። መንትያ አንዴ ብቻ እፈቅዳለሁ። የማልምረው የእኔን ጊዜ መሰረዝን ነው። በአሜሪካው ድራማ «ዳላስ» ቦቢ የሚባለው ገጸ ባሕርይ ሞቶ ነበር። ተዋናዩ ፓትሪክ ደፊ በ1986 ሲመለስ ግን ቦቢ ሻወር ውስጥ ታየ። ያ ሁሉ የአንድ ዓመት ታሪክ የፍቅሩ የፓም ሕልም ሆነ። የሞተው በመነሳቱ ቅር አይለኝም፤ ግን በዚያ ዓመት የተዋደዱት፣ የተጣሉት፣ የተጎዱት ሁሉ የት ገቡ?

ሌላው በአጭሩ። የት እንደደረሳችሁ ጻፉ፤ ወደኋላ የቀረ ሰው አለ። ያው ዳላስ በ1980 የቦቢ ወንድም ጄ.አር. የተተኮሰበትን ክፍል በመጋቢት አሳይቶ ተኳሹን እስከ ኅዳር ደብቋል፤ ምስጢሩ እንዳይወጣም የተለያዩ ሰዎች ሲተኩሱ ቀርጸዋል። ያን ሁሉ ልፋት በአንድ መስመር ገደል አትክተቱ። የተዋናይዋን ትዳርና ውፍረት ተዉት። በገጸ ባሕርይዋ ከተናደዳችሁም ንዴታችሁ እዚያው ልብ ወለዱ ውስጥ ይቆይ። በ1998 የኮሮኔሽን ስትሪቷ ዲርድሪ ያለጥፋቷ ስትታሰር ተመልካቹ «ትፈታ» ብሎ ዘመቻ ጀመረ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቶኒ ብሌር ሳይቀሩ ጉዳዩን አነሱት። እንዲህ ዓይነቱ እብደት ማንንም አይጎዳም፤ እኔም እዚያ ብኖር እፈርም ነበር።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ሲጻፍ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። «ሰውየው ትወና አይችልም» አትበሉ። እንዲህ በሉ፦ «ልጁ የእሱ እንዳልሆነ በተነገረው ትዕይንት፣ ዶክተሩ ሳይጨርስ ተነስቶ ጮኸ። ጽሑፉ እንዲጮህ አዞት ይሆናል። ግን ከመጮሁ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ልጁ አላየም።» ሊቃወማችሁ የፈለገ ሰው ያቺን ትዕይንት ተመልሶ ማየት ግድ ይለዋል።