በፌሮና በእጅ ሰዓት የሐዋሳን ኬንትሮስ ማግኘት፤ መርከበኞች እንደሚያደርጉት

ሰዓት ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «አሁን አይዛነፍም አይደል?» ይለኛል። «ይዛነፋል፤ ግን በየቀኑ እኩል ነው የሚዛነፈው» እለዋለሁ። ግማሹ ይስቃል። ግማሹ ደግሞ ሌላ ሠሪ ጋ ልሂድ ይሆን እያለ ያየኛል። እኔ ግን የምሬን ነው። በዓለም ላይ ስንት መርከብ ያዳነው ሰዓት የማይሳሳት ሰዓት አልነበረም። ስህተቱ የታወቀ ሰዓት ነበር።

ሐዋሳ አሮጌ ገበያ አካባቢ በረንዳ ላይ ነው የምሠራው። ባሕር እዚህ የለም፣ ሐይቅ ግን አለን። መርከበኞች የቆሙበትን ቦታ በሰዓት የሚያገኙበትን ዘዴ እኛም ግቢያችን ውስጥ መሥራት እንችላለን። አንድ ቀጥ ያለ ፌሮ፣ ሲባጎ፣ ጠመኔና የእጅ ሰዓት ይበቃል። ስልኬ ላይ ጂፒኤስ እያለ ምን ያደክመኛል የሚል ካለ መልስ የለኝም። ደስ ስለሚል ነው በቃ።

ነገሩ ወዲህ ነው። መሬት በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች። በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ፣ በ4 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ማለት ነው። እናንተ ጋ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ስትደርስ እንግሊዝ አገር ግሪንዊች ላይ ስንት ሰዓት እንደሆነ ካወቃችሁ፣ ልዩነቱን ወደ ዲግሪ ትለውጡታላችሁ። ከግሪንዊች ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደራቃችሁ ይነግራችኋል። ኬንትሮስ ይሉታል። ከሰሜን ወደ ደቡብ ያለው ኬክሮስ ድሮም ችግር አልነበረም፤ የፀሐይን ወይም የሰሜን ኮከብን ከፍታ ለክቶ ማወቅ ይቻላል። ኬንትሮስ ግን የሌላ አገር ሰዓት ይዞ መሄድን ይጠይቃል። ያ ሰዓት በማዕበል፣ በሙቀትና በብርድ ውስጥ ወራት መቆየት አለበት። (እዚህ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1707 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አድሚራል ክላውድስሊ ሾቭል ያሉበትን ቦታ ተሳስተው እንግሊዝ ዳር ካሉት ከሲሊ ደሴቶች ቋጥኝ ጋር ተላተሙ። 4 መርከቦች ሰጠሙ። ከ1,400 በላይ ሰው አለቀ። በ1714 ፓርላማው ኬንትሮስን እስከ ግማሽ ዲግሪ ድረስ አጥርቶ ለሚያገኝ 20,000 ፓውንድ እሸልማለሁ ብሎ ሕግ አወጣ። ግማሽ ዲግሪ በሰዓት 2 ደቂቃ ነው። ወደ ካሪቢያን ደሴቶች የሚደረገው ጉዞ 6 ሳምንት ግድም ይፈጅ ስለነበር፣ ሰዓቱ በቀን 3 ሰከንድ እንኳ መዛነፍ የለበትም ማለት ነው። ዛሬ እኔ ጋ ከሚመጡት ባለ ሞላ ሰዓቶች ስንቱ ይህን ያልፋል? በጣም ጥቂቱ። ሳይንቲስቱ ኒውተን ራሱ በሰዓት ይሆናል ብሎ ብዙም አላመነም ነበር።

መጀመሪያ ሰዓታችሁን እወቁት

ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ዋናው ሥራ ግን እዚሁ ነው።

ሰዓታችሁን አንድ ጊዜ ከስልካችሁ ጋር አስተካክሉትና ከዚያ በኋላ እጃችሁን አንሱ። ዳግም አታስተካክሉት። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለምሳሌ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ከስልካችሁ ጋር አስተያዩት። ስልኩ ሰዓቱን ራሱ ከኔትወርክ እንዲወስድ አድርጉት። ልዩነቱን በሰከንድ ደብተር ላይ ጻፉ። ዛሬ 12 ሰከንድ ቀድሟል፣ ነገ 19፣ ከነገ ወዲያ 26 ከሆነ፣ ጥሩ ሰዓት ነው! በየቀኑ 7 ሰከንድ ይቀድማል፤ ታውቋል፣ አለቀ። ዛሬ 2 ቀድሞ ነገ 5 ወደ ኋላ የሚቀር፣ ከነገ ወዲያ 9 የሚቀድም ከሆነ ግን ሲታይ ልክ ቢመስልም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ደንበኛ ግን ሁለተኛውን ነው የሚወደው፤ ምን ይደረጋል።

ባለ ሞላ ሰዓት ከሆነ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ሙሉት። ሞላው ሲላላና ሲጠብቅ ፍጥነቱ ይለዋወጣል። ማታ ስታወልቁት ሁልጊዜ በአንድ በኩል አስተኙት፤ ፊቱን ወደ ላይ ከሆነ ሁሌም ወደ ላይ። በጀርባውና በጎኑ ሲተኛ ውስጡ ያለችው ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዘው ጎማ እኩል አትሄድም። መስኮት ላይ ፀሐይ የሚመታው ቦታም አታስቀምጡት። ባለ ባትሪ ከሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ ልዩነቱን ብቻ መዝግቡ።

የመርከብ መኮንኖችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር። ክሮኖሜትር የሚሉት የመርከቡ ዋና ሰዓት በናስ ቀለበቶች ተንጠልጥሎ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። መርከቧ ብትዘም እሱ ዝንፍ አይልም። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይሞላል። ጉዞ ላይ እያለ ግን አያስተካክሉትም። በቀን ስንት ሰከንድ እንደሚቀድም ወይም እንደሚዘገይ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ቀሪው ስሌት ነው። ላይ ወጥቶ ፀሐይ ለመለካት ሌላ የኪስ ሰዓት ከእሱ ጋር አስተያይተው ይይዛሉ። ዋናው ከሣጥኑ አይነቃነቅም።

ይህን ሰዓት የሠራው ጆን ሃሪሰን የሚባል የአናጢ ልጅ ነው። በ1693 ዮርክሻየር ውስጥ ተወለደ። መጀመሪያ የእንጨት ሰዓት ነበር የሚሠራው። የመጀመሪያውን የባሕር ሰዓቱን በ1735 ጨረሰ። ሁለተኛውንም ሠራ። ሦስተኛው ላይ ወደ 19 ዓመት ቆየ። ሙቀት ብረትን ሲያስረዝም ሰዓቱ እንዳይዘገይ ሁለት የተለያዩ ብረቶችን አጣብቆ አንዱ የሌላውን እንዲያካክስ ያደረገው በዚህ ጊዜ ነው። ያ ጥንድ ብረት ዛሬ ካውያችሁ ውስጥ አለ፤ ሲግል «ቀጭ» ብሎ መብራቱን የሚያጠፋው እሱ ነው።

ከዚያ ሰውዬው ያን ሁሉ ትልልቅ መሣሪያ ትቶ በ1759 አንድ ሰዓት ይዞ ብቅ አለ። ስፋቱ 13 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ግድም ነው። ቅርጹ ተራ የኪስ ሰዓት ይመስላል። እኔ እንደ ሙያ የሚገርመኝ ይህ ነው። የሠላሳ ዓመት ልፋቱን አይቶ መንገዱን መቀየር ለማንም ሠሪ ቀላል አይደለም። በ1761 ልጁ ዊሊያም ሰዓቱን ይዞ ወደ ጃማይካ ተሳፈረ። በየቀኑ የሚዘገየው መጠን ታስቦ ሲሰላ፣ ከ81 ቀን በኋላ የተሳሳተው 5 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው።

ገንዘቡን ግን በቀላሉ አልሰጡትም። ሌላ ፈተና፣ ሌላ ኮሚቴ፣ ና ነገ። ቀሪውን 8,750 ፓውንድ በ1773 ሲያገኝ 80 ዓመቱ ነበር። ይህኛውን ታሪክ ለሐበሻ ማብራራት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ካላችሁ ሁሉንም መዝግቡ። ቻርልስ ዳርዊን የተሳፈረባት ቢግል የተባለችው መርከብ በ1831 ስትነሳ 22 ክሮኖሜትር ይዛ ነበር። አንዱ ባሕሪውን ሲቀይር ሌሎቹ ያጋልጡታል።

ፌሮውን መትከል

እኔ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቼ አንድ ሜትር የሚወጣ ፌሮ ተክያለሁ። በቱምቢ ቀጥ ማለቱን በሁለት አቅጣጫ አረጋግጡ። ወለሉ ውሃ ልኩን የጠበቀ ሲሚንቶ ቢሆን ይመረጣል። ፍቅር ሐይቅ ዳር ሣሩ ላይ መሥራት ያምራል፣ ግን አይሆንም። ዛፉ ጥላ ይጥላል፣ መሬቱ ተዳፋት ነው። አሞራ ገደል ጭራሽ አትሞክሩት። አባ ኮዳዎቹ ዓሣ ይዛችሁ የመጣችሁ መስሏቸው ይከቧችኋል።

ጊዜውን በተመለከተ እኔ ጥቅምትን እመርጣለሁ። ዝናቡ አልፏል፣ ሰማዩ ጠርቷል። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ስሌቱ ላይ እነግራችኋለሁ።

የፌሮው ጫፍ ላይ በምስማር የተበሳ ትንሽ ካርቶን እሰሩ። የፌሮ ጥላ ጫፉ ብዥ ይላል፤ የት ላይ እንዳለቀ አይታወቅም። በቀዳዳዋ የምታልፈው ብርሃን ግን ጥላው መሐል ክብ ነጥብ ትሠራለች። ከቀዳዳዋ በቱምቢ ቀጥ ብላችሁ ወርዳችሁ ወለሉ ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ነጥብ በሲባጎና በጠመኔ 60፣ 70 እና 80 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ያላቸው ሦስት ክቦች ሳሉ። ፀሐይዋን በዓይናችሁ አትዩ። የምታዩት ወለሉን ብቻ ነው።

ጠዋት ጥላው ረጅም ነው። እያጠረ ሲመጣ የብርሃኗ ነጥብ መሐል እያንዳንዱን ክብ የሚያቋርጥበትን ሰዓት እስከ ሰከንድ ጻፉ። ከሰዓት በኋላ ጥላው መልሶ ሲረዝም ያንኑ ክቦች በሌላ በኩል ያቋርጣል። እሱንም ጻፉ። የሁለቱ መሐል የፀሐይ እኩለ ቀን ነው።

ጥላው በጣም ያጠረበትን ደቂቃ ለምን በቀጥታ አናይም? እኩለ ቀን ላይ የጥላው ርዝመት ለደቂቃዎች የቆመ ይመስላል፤ የቱ ጋ እንደተመለሰ አይያዝም። 70 ሴንቲ ሜትሩ ክብ ላይ ግን በደቂቃ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይጓዛል። ያ ይታያል። መርከበኞችም ወደብ ሲደርሱ የፀሐይን እኩል ከፍታ ጠዋትና ከሰዓት ለክተው ክሮኖሜትራቸውን የሚፈትሹት በዚሁ ሐሳብ ነበር። ባሕር ላይ ወለሉ ስለማይረጋ ሴክስታንት የሚባል የፀሐይን ከፍታ መለኪያ ነው የሚይዙት።

ስሌቱ

አንድ ጥቅምት 24 ያገኘሁትን ላሳያችሁ። የሰዓቴን መዛነፍ አስቀድሜ ቀንሻለሁ። ሁሉም በሐበሻ ሰዓት ነው።

60 ሴንቲ ሜትር፦ 4:41:40 እና 7:38:20፤ መሐሉ 6:10:00
70 ሴንቲ ሜትር፦ 4:19:50 እና 7:59:40፤ መሐሉ 6:09:45
80 ሴንቲ ሜትር፦ 4:01:20 እና 8:18:20፤ መሐሉ 6:09:50

አማካዩ 6:09:52 ነው። ይህ የፀሐይዋ እኩለ ቀን ነው። ፀሐይ ግን እንደ ሰዓት እኩል አትራመድም። መሬት በምሕዋሯ ላይ ፍጥነቷን ስለምትለዋውጥና ዘንበል ስላለች፣ ፀሐይ አንዳንድ ወር ትቀድማለች፣ አንዳንድ ወር ትዘገያለች። ጥቅምት 24 ግድም 16 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ትቀድማለች። የካቲት መጀመሪያ ላይ በአንጻሩ 14 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ታኅሣሥ 16 ልዩነቱ ዜሮ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ግን በዚያ ሰሞን በየቀኑ 30 ሰከንድ ያህል ይቀያየራል። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ለጥቂት ቀናት ዝም ብሎ ይቆማል። የምመርጠው ለዚህ ነው።

ስለዚህ 16:25 እንደምር፤ 6:26:17 ይሆናል። አሁን ግሪንዊች ስንት ሰዓት ነው? የሐበሻ ሰዓት እዚህ ላይ ይመቻል፤ 3 መደመር ብቻ ነው። 9:26:17 ጠዋት። ከዚያ ተነስቶ የእነሱ እኩለ ቀን፣ 12:00፣ እስኪደርስ 2 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ይቀራል። እኛ በዚያን ያህል እንቀድማቸዋለን። 2 ሰዓት 30 ዲግሪ ነው። 33 ደቂቃ 8 ዲግሪ ከሩብ። 43 ሰከንዱ ወደ 11 የዲግሪ ደቂቃ። ድምሩ 38 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ ምሥራቅ።

ካርታው ለሐዋሳ 38 ዲግሪ ከ28 ይላል። በእኔ ስሌት ከሄድን ወደ 4 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ተንሸራትቼ ሐይቁ መሐል ቁጭ ብያለሁ። በእኛ አካባቢ 4 ሰከንድ 1.84 ኪሎ ሜትር ነው፤ በጠመኔ መስመር ከዚህ የተሻለ አልጠብቅም። ግማሽ ዲግሪ 55 ኪሎ ሜትር ስለሆነ የ1714ቱን ፈተና ግን አልፌያለሁ። 20,000 ፓውንዱን የሚሰጠኝ ካለ አድራሻዬ በረንዳው ነው።

ከአዳማ ጋር

ሌላ ከተማ ዘመድ ካላችሁ ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል። የእህቴ ልጅ አዳማ ነው። በአንድ ቀን እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ እንለካለን። የሁለታችንን እኩለ ቀን ብቻ ነው የምናቀናንሰው። የፀሐይዋ መቅደምና መዘግየት ለሁለታችንም አንድ ስለሆነ ከሂሳቡ ይወጣል፤ 16:25 የሚባል ነገር የለም። አዳማ በስተ ምሥራቅ ስለሆነች እኩለ ቀኗ ከሐዋሳ በ3 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ይቀድማል። ያ ከዲግሪ ሦስት አራተኛ በትንሹ ይበልጣል፤ ወደ ምሥራቅ 85 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የመኪናው መንገድ ርቀት አይደለም፤ አዳማ ከሐዋሳ በስተ ሰሜንም ናትና። ሁለታችሁም ሰዓታችሁን በዚያው ዕለት ጠዋት ከስልክ ጋር አስተያዩ። ልዩነቱን ጻፉት እንጂ ሰዓቱን እንዳትነኩት።