የኋሊት ሲገቡ መኪናው ጠማማ የሚቆምበት ምክንያትና ማስተካከያው

መመሪያው በቀኝ በኩል፣ በሁለት መኪኖች መሃል ላለ ቦታ ነው። ቦታው በግራ ከሆነ ቀኝና ግራውን ይገልብጡት።

ወጥተው ቢገቡም መኪናው እዚያው ጠማማ ይሆናል። መሪው በነበረበት እያለ ወደፊት ወጥተው ሲመለሱ መኪናው የመጣበትን መስመር ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ ምንም አይለወጥም። በኋላ ማርሽ መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞሩ አፍንጫው ወደ ግራ ይሄዳል። ወደፊት እየሄዱ መሪውን ወደ ግራ ሲያዞሩም እንዲሁ ወደ ግራ ይሄዳል። እንግዲህ መኪናውን ለማቃናት፦ ወደኋላ በቀኝ፣ ወደፊት በግራ። ማርሽ ሲቀየር መሪውም ይቀየራል።

የኋላው ግራ ጥግ የግራውን መኪና ሊነካ ነው። መሪውን ዘግይተው ጠቅልለዋል (እስከ ጫፍ አዙረዋል)። ይቁሙ፤ ወደ ግራ ጠቅልለው አንድ ሜትር ያህል ወደፊት ይውጡ፤ ከዚያ ቀኝ ይዘው ይግቡ።

የቀኝ ጎንዎ የቀኙን መኪና አፍንጫ ሊፍቅ ነው። ይሄ ደግሞ ቀድሞ በመጠቅለል የሚመጣ ነው። ክፍተቱ ከአንድ ስንዝር በላይ ከሆነ መሪውን ቀጥ አድርገው ግማሽ ሜትር ያህል ወደኋላ ይሂዱና እንደገና ይጠቅልሉ። ከዚያ ካነሰ አይሞክሩት። መሪውን ሳይነኩ ወደፊት ይመለሱ (እዚህ ላይ የመጡበት መስመር ይጠቅማል)፣ መኪናው ከመተላለፊያው ጋር ሲስተካከል ቀጥ ብለው ትንሽ ወደኋላ ይሂዱ፣ ቀጥሎ ይጠቅልሉ።

ቀጥ ብሎ ገብቷል፣ ግን ወደ ቀኝ ተጠግቶ በር አያስከፍትም። መኪና ወደ ጎን አይንሸራተትም፤ ቀጥ ብሎ ወጥቶ መግባትም ዋጋ የለውም። መሪውን ግማሽ ዙር ያህል ወደ ግራ አዙረው በዝግታ ይውጡ። ግማሹ ሲወጣ መሪውን ከመሃል አሳልፈው በዚያው ልክ ወደ ቀኝ ያዙሩት፤ መኪናው ከመስመሩ ጋር ሲስተካከል መሪውን መልሰው ቀጥ ብለው ይግቡ። ሲወጡ ሙሉ በሙሉ አይጠቅልሉ፤ የኋላው ቀኝ ጥግ ወደ ጎረቤት መኪና ይጠጋል።

ተስተካክሎ ሳለ በመጨረሻዋ ሜትር ይጣመማል። መሪው ዘግይቶ ተመልሷል። በብዙ ትንንሽ መኪኖች መሪው ከመሃል እስከ ጫፍ አንድ ዙር ተኩል ያህል ስለሚዞር፣ መኪናው ቀጥ እስኪል ከጠበቁ ጊዜ የለዎትም። በሁለቱም ስፖኪዮ የጎረቤት መኪኖች ጎን ከእርስዎ ጎን ጋር ሊስተካከል ትንሽ ሲቀረው መመለስ ይጀምሩ፤ ፍጥነቱም ከእርምጃ ያነሰ ይሁን።

አፍንጫው ከፊት ያለውን ምሰሶ ነካ። ሲጠቀለል የፊቱ ግራ ጥግ ሰፍቶ ይዞራል። የኋላ ካሜራ ይህን አያሳይም፤ "ስበረው፣ ስበረው" የሚልዎት ጠባቂም ከኋላ ቆሞ ስለሚያይ አይታየውም። ከመጠቅለልዎ በፊት ራስዎ ወደዚያ ይመልከቱ።

መሪው ይከብዳል ወይም ጫፍ ላይ ይጮኻል። መጀመሪያ የፊት ጎማዎችን አየር፣ ቀጥሎ መሪው በዘይት የሚሠራ ከሆነ የመሪ ዘይቱን ልክና የቺንጋውን (የቀበቶውን) ውጥረት ይፈትሹ። ጫፍ ላይ ብቻ ከሆነ የሚጮኸው ትንሽ ለቀቅ ያድርጉት። መኪናው ቆሞ መሪ ማዞርም ጎማ ይበላል።