የሰፈር ውስጥ መንገድ ፍጥነት ሲቀነስ የሚሠሩ ስህተቶች

አዲስ አበባ ዳር ባሉ እንደ አያት፣ ሰሚት፣ ጀሞና ኮዬ ፈጬ ባሉ ሰፈሮች የውስጥ ለውስጥ መንገዱ የመኪና ብቻ አይደለም። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ አዛውንቶች ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ይመለሱበታል፣ ጉሊትም ይዘረጋበታል። የነዋሪዎች ኮሚቴ በተሰበሰበ ቁጥር «የመኪና ፍጥነት ይቀነስልን» የሚል ጥያቄ ቢነሳ ተገቢ ነው። የሚያሳዝነው ግን ጥያቄው ልክ ሆኖ ሥራው መበላሸቱ ነው፤ የሚበላሽበትም ምክንያት ከሰፈር ሰፈር ብዙም አይለያይም።

ልዩነቱን አቅልሎ ማየት

«ከ50 ወደ 30 ወረደ አልወረደ ምን ለውጥ አለው?» የሚል ሰው ከስብሰባ አይጠፋም። መልሱ በሒሳብ ይገኛል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ኳስ ተከትሎ የወጣ ልጅ ያየ ሾፌር እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢወስድበት፣ መኪናው 21 ሜትር ሄዷል፤ ፍሬኑ ግን ገና አልተያዘም። በ30 የሚመጣው መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ 18 ሜትር ሳይሞላ ቆሟል። ልጁ ከፊቱ 20 ሜትር ላይ ቢወጣ አንደኛው ይቆምለታል፤ ሌላኛው በሙሉ ፍጥነቱ ይመታዋል።

ጊዜውስ? ከቤት እስከ ዋናው አስፋልት 600 ሜትር ቢሆን በ50 ፍጥነት 43 ሰከንድ፣ በ30 ደግሞ 72 ሰከንድ ይፈጃል። የሚጨመረው ግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው። ይህን ለስብሰባው በቁጥር አቅርቡት።

ሳይለኩ መጀመር

«መኪኖች ይበራሉ» የሚል ማመልከቻ ወረዳው ጠረጴዛ ላይ ያድራል። የተለካ ቁጥር የያዘ ግን መልስ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ለመለካት ሜትር፣ ኖራና የስልክ ሰዓት ይበቃሉ። ቀጥ ካለው የመንገዱ ክፍል ላይ 50 ሜትር ለክታችሁ ሁለቱን ጫፎች በኖራ አስምሩ። የመኪናው የፊት ጎማ የመጀመሪያውን መስመር ሲነካ ሰዓቱን አስነሱ፣ ሁለተኛውን ሲነካ አቁሙ፤ ከዚያ 180ን ላገኛችሁት ሰከንድ አካፍሉ። 6 ሰከንድ ከሆነ 30 ኪሎ ሜትር፣ 4.5 ከሆነ 40፣ 3.6 ከሆነ 50 ነው።

ልኬቱ የሚሳሳተው በትንንሽ ነገር ነው። የግማሽ ሰከንድ ስህተት 50ውን 44 ወይም 58 ያደርገዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰው ይለካ፤ እያንዳንዱንም መስመር ከማዶ ካለ የመብራት ምሰሶ ወይም የአጥር ጠርዝ ጋር አስተካክሎ ይይ፤ በሰያፍ ከታየ መስመሩ የተነካበት ቅጽበት አይለይም። የሚለካው ሰው አንጸባራቂ ሰደርያ አይልበስ፤ ሾፌር ሲያየው ቀዝቀዝ ይላል። ከፊቱ ሌላ መኪና ያዘገየውንም አትቁጠሩ። ቢያንስ 100 መኪና ያስፈልጋል፤ ጠዋት ተማሪ በሚወጣበት ሰዓትም፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላም መንገዱ ጭር ሲል ለኩ። ባጃጅ፣ ሚኒባስና የቤት መኪና በየራሳቸው ይመዝገቡ።

የሾፌሩን ፍጥነት ሕግ ማድረግ

መቶውን ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ስትደረድሩ 85ኛው ላይ ያለው ቁጥር መንገዱ ምን ያህል እንደሚያስሮጥ ይነግራችኋል። አሜሪካ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የፍጥነት ወሰን በዋናነት የሚቆረጠው በዚህ ቁጥር ነበር። አደገኛ አካሄድ ነው፤ የሚፈጥኑት በበዙ ቁጥር ወሰኑም አብሮ ይወጣል፣ በእግር የሚሄደው ሰው ግን በድምሩ ውስጥ የለም። ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖርባት ሲያትል እ.ኤ.አ. በ2016፣ ዋሽንግተን ዲሲ በ2020 የመኖሪያ ሰፈር ወሰናቸውን ወደ 20 ማይል፣ ማለትም ወደ 32 ኪሎ ሜትር አውርደዋል። ልኬቱ የችግሩን መጠን ያሳይ እንጂ ወሰኑን አይወስን።

ለሁሉም መንገድ አንድ ቁጥር

ስፔን ከእ.ኤ.አ. ግንቦት 2021 ጀምሮ የከተማ መንገዶቿን በሦስት ከፍላለች፦ በየአቅጣጫው አንድ ረድፍ ብቻ ላለው 30፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ላለው 50፣ የእግረኛውና የመኪናው መሄጃ በእኩል ከፍታ ለሆነበት 20። የእኛን ሰፈር የሚመለከተው ይህ ሦስተኛው ነው። እግረኛ መንገድ በሌለው፣ ሰውና ባጃጅ በአንድ ኮብልስቶን ላይ በሚጋፉበት መንገድ 30ም ብዙ ነው፤ እዚያ 20 ጠይቁ።

ተቃራኒውም ስህተት አለ፤ ይኸውም አውቶቡስና የጭነት መኪና የሚያልፍበትን ዋና መንገድ ከውስጥ ለውስጡ ጋር አንድ ላይ መጨፍለቅ። ዌልስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የከተማና የመንደር መንገዶቿን ከ30 ወደ 20 ማይል ስታወርድ፣ ብዙ ሰው ያልተዋጠለት በትልልቆቹ መንገዶች ላይ የሆነው ነበር፤ ከ4 መቶ ሺህ በላይ ፊርማ ያለው ተቃውሞም ቀረበባት። የኦስትሪያዋ ግራትስ ግን እ.ኤ.አ. በ1992 ዋና ዋናዎቹን በ50 ትታ የቀረውን ሁሉ 30 አደረገች።

ታፔላ ተክሎ መሄድ

ሾፌር ከታፔላው ይልቅ መንገዱን ያነባል። ስፋቱ 9 ሜትር የሆነ፣ ቀጥ ያለና ባዶ አስፋልት «ሂድ» ይለዋል። ሁለት የቤት መኪና ለመተላለፍ 5.5 ሜትር ይበቃቸዋል፤ የተረፈውን ለእግረኛ፣ ለዛፍና ለመኪና ማቆሚያ አውሉት። ማቆሚያውን በየ50 ሜትሩ ከግራ ወደ ቀኝ ብታቀያይሩት መንገዱ ራሱ ይጣመማል። በመታጠፊያ ላይ የከርብስቶኑን ጥግ ማጥበብም ብዙ ይሠራል፤ ሰፊ ጥግ ባለበት ሚኒባስ ፍሬን ሳይነካ ይታጠፋል።

በእጅ የተሠራ ጉብታ

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ይህ ነው፤ ጉዳቱም ብዙ ነው። ሌሊት ሲሚንቶ ተቦክቶ ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 15 የሆነ ጉብታ መንገዱ ላይ ይጋደማል። እንዲህ ያለው ጠባብ ጉብታ የሚቀጣው ቀስ የሚለውን ነው። የሚፈጥነው መኪና አካሉ ሳይነሳ ጎማውና ሾኩ ንዝረቱን ውጠውት ያልፋል፤ ቀስ የሚለው ግን ወጥቶ ይወድቃል፣ ዝቅ ያለ ከሆነም ሆዱን ይፋቃል። ነፍሰ ጡር ወይም ታማሚ የጫነ መኪና ላይ ሲሆን ደግሞ ሥቃይ ነው።

ትክክለኛው ጉብታ በመኪናው መሄጃ አቅጣጫ ከ3.7 እስከ 4 ሜትር ይረዝማል፣ መሃሉ ላይ ከ7.5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ እንደ ቅስትም ይከባል። እግረኛ እንዲሻገርበት አናቱ ጠፍጣፋ የሚደረግ ከሆነ ለ10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ሜትር መወጣጫ ይኑረው። ከፍታውን በሲባጎና በውሃ ልክ አረጋግጡ፤ የሁለት ሳንቲ ሜትር ስህተት እንኳ ይሰማል።

ርቀቱም ወሳኝ ነው። በጉብታና በጉብታ መካከል 75 ሜትር ያህል ይሁን። 150 ከሆነ መሃል ላይ ነዳጅ ይረገጣል፣ ጉብታው ጋ ፍሬን ይያዛል፤ ሰፈሩ ያተረፈው ጫጫታ ይሆናል። የመጀመሪያው ጉብታ መኪናው ፍጥነት ሳይሰበስብ፣ ከመግቢያው ብዙም ሳይርቅ ይምጣ። ዳገታማ ቁልቁለትና ኩርባ ላይ አይሠራም።

ውሃውን አትርሱ። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የተዘጋ ጉብታ ሐምሌ ላይ ግድብ ሆኖ ጎርፉን ወደ ሰው ግቢ ያስገባል። በሁለቱም ዳር ለፍሳሽ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ክፍት ተዉ፤ ባጃጅ አንድ ጎማውን እዚያ አስገብቶ እንዳያመልጥ ደግሞ አጠገቡ አጭር ምሰሶ ይተከል። ኮብልስቶን ላይ ከሆነ የጉብታው ሁለት ጫፎች በኮንክሪት በተቀበረ ከርብስቶን ካልታሰሩ ድንጋዩ በጥቂት ወራት ይፈታል።

መንገዱ የሕዝብ ነውና ይህ ሁሉ በወረዳው በኩል ለከተማው የመንገድና የትራፊክ መሥሪያ ቤቶች በጽሑፍ ቀርቦ፣ በእነሱ ፈቃድ ይሠራ። ነጭ ቀለም፣ የማስጠንቀቂያ ምልክትና የመንገድ መብራት የሌለው ጉብታ ማታ ሞተረኛ ይጥላል።

ሠርቶ መርሳት

ከሦስት ወር በኋላ እዚያው 50 ሜትር ላይ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ድጋሚ ለኩ። ጎን ያለውንም መንገድ ለኩ፤ ሾፌሮች ጉብታውን ሸሽተው ወደዚያ ዞረው ሊሆን ይችላል፣ የጎረቤት ልጅም ልጅ ነው። ቀለሙን ክረምት ሳይወጣ አትቀቡ፣ እርጥብ ላይ አይይዝም። ግንባታ ባላለቀበት ሰፈር ደግሞ አሸዋና ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ ጉብታውን እየደፈጠጠ ዝቅ ያደርገዋል፤ ከፍታው ከ7 ሳንቲ ሜትር በታች ከወረደ በላዩ ላይ መደረብ ያስፈልጋል።