በሊዝበን የ28 ቁጥር ትራም ላይ መቀመጫ ያገኘንበት መንገድ

ከባለቤቴ ጋር ወደምንወዳት ሊዝበን በተመለስንበት የመጀመሪያ ቀን፣ በ28 ቁጥር ትራም ኮረብታ ላይ ወዳለው አሮጌ ሰፈር፣ ወደ አልፋማ፣ ለመውጣት የመስመሩ አንደኛው ጫፍ ወደሆነው ማርቲም ሞኒዝ ስንደርስ ረጅም ሰልፍ ጠበቀን፤ እርሷም ጉልበቷን ስለሚያማት ያን ያህል መቆምም ሆነ ዳገቱን በእግር መውጣት አትችልም ነበር። መፍትሔውን ያገኘነው የመስመሩን ካርታ አስተውለን ስንመለከት ነው። በታክሲ ወደ ሌላኛው ጫፍ፣ ካምፖ ደ ኦሪኬ በተባለው ሰፈር ወደሚገኘው የፕራዜሬስ መካነ መቃብር ደጃፍ ሄድን፤ እዚያ የሚጠብቁት ጥቂቶች ስለነበሩ ሁለታችንም በመስኮት በኩል ተቀመጥን። ትራሙ በኢሽትሬላ ባዚሊካ ፊት አልፎ፣ መሃል ከተማውን ባይሻን አቋርጦ ወደ አልፋማ ሲወጣ የባለቤቴ ፊት በደስታ በርቶ ነበር። ትኬት የሚሞላበት የከተማዋ የትራንስፖርት ካርድ፣ ናቬጋንቴ፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ለየብቻ መገዛት አለበት፤ የ24 ሰዓቱ ትኬት የሚቆጠረው ግን ከተገዛበት ሳይሆን ካርዱ በመጀመሪያ ከተነበበበት ሰዓት ጀምሮ ነው።