ባዶዋን ብልቃጥ እንዳትረሷት፦ ክፍል ውስጥ ባክቴሪያ ማሳደግ

አምና 11ኛ ክፍሎቼን ባክቴሪያ ላሳይ ብዬ ጉድ ሆኛለሁ። የባክቴሪያ ምግብ የያዙ ብልቃጦችን የበር እጀታ፣ የብር ኖት፣ ያልታጠበ እጅ ምናምን አስነካን፣ አንዷን ብልቃጥ ደሞ ለማነጻጸሪያ ምንም ሳናስነካ ተውናት፣ በአራተኛው ቀን ሁሉንም ያስከነዳችው ያቺ ባዶዋ! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ምግቡን በተራ ድስት አፍልቼ ነዋ ያመጣሁት። አዲስ አበባ እኮ ውሃ የሚፈላው 92፣ 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ደሞ 100 ቢደርስም አንዳንዱ ባክቴሪያ ስፖር (ሙቀት የሚችል ጠንካራ የእንቅልፍ ቅርጽ) ሰርቶ ድርቅ ብሎ ይጠብቅና ሲበርድለት ይነሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፕሬሸር ኩከር ፈልጉ። የቤታችሁን ግን እንዳትወስዱ፣ ከዚህ በኋላ ምስር አይቀቀልበትም።

ምግቡ ቀላል ነው፦ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ 7 ወይ 8 ግራም አጋር (ከባህር አረም የሚወጣ፣ ምግቡን እንደ ጄሊ የሚያረጋ ዱቄት)፣ ማጊ የምንላት የሾርባ ኩብ አንድ፣ ስኳር አንድ የሻይ ማንኪያ። አጋሩ እስኪሟሟ እያማሰላችሁ አፍሉት። አጋር ካጣችሁ ጄላቲን ይሆናል የሚሉ አሉ፣ እኔ አልወደውም፣ ትንሽ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ አንዳንድ ባክቴሪያ ደሞ ራሱን ጄላቲኑን በልቶ ውሃ ያደርገዋል። ከሱ የተቀቀለ ድንች ቁራጭ ይሻላል።

አፋቸው ሰፋ ያለ የመስታወት ብልቃጦች ውስጥ አንድ አንድ ጣት የማይሞላ ቅዱ፣ ክዳኑን ላላ አርጉና ፕሬሸር ኩከሩ ውስጥ ደርድሯቸው፣ ከስር ውሃ ይኑረው። ላብራቶሪ ውስጥ 121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ነው፣ እኛ ግን ከፍታ ላይ ስለሆንን ማፏጨት ከጀመረ በኋላ 30 ደቂቃ ተዉት። በራሱ ይቀዝቅዝ፣ ክዳኖቹን አጥብቁ።

ለልጆቹ የምመርጠው ሙከራ የእጅ ነው። አንዱ ሳይታጠብ፣ አንዱ ውሃ ብቻ ለቅለቅ አርጎ ሳይደርቅ፣ አንዱ በሳሙና ደህና አርጎ ታጥቦ አድርቆ የረጋውን ምግብ በጣቱ ጫፍ ቀስ ብሎ ይንካ። እርጥቡ አንዳንዴ ካልታጠበው ብሶ ይገኛል፣ እርጥብ እጅ ባክቴሪያ በቀላሉ ያስተላልፋላ፣ ልጆቹ ግን ማመን ያቅታቸዋል። ሽንት ቤት፣ አፍ፣ አፍንጫ፣ ቁስል፣ ጥሬ ወተት አይነካም፣ በጭራሽ። ባዶዋም ትኑር፣ እንደሌሎቹ ተከፍታ ትዘጋ።

ስም በማርከር ጻፉ፣ ክዳኑን ጨርሶ ሳታጠብቁ ሁለት ቦታ በፕላስተር ያዙት፣ ዙሪያውን ግን አትጠቅልሉ፣ አየር ጨርሶ ከታፈነ የማንፈልጋቸው አይነቶች ይመቻቸዋል። ዘቅዝቃችሁ አስቀምጡ፣ ላቡ ላዩ ላይ እንዳይንጠባጠብ። ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይበቃል፣ ትንሽ አምፖል ያለበት ካርቶን ይሰራል። 37 አታርጉት፣ ሰውነታችን ውስጥ የሚኖሩትን በሽታ አምጪዎች መጋበዝ ነው።

ከሁለት እስከ አራት ቀን ጠብቁ። አንጸባራቂ ክብ ነጥብ ባክቴሪያ ነው፣ ጸጉራም ከሆነ ሻጋታ ነው። የአንዷ ነጥብ ነዋሪ በሚሊዮን ይቆጠራል፣ ስለዚህ በመስታወቱ አሳልፋችሁ ቁጠሩ እንጂ ለማሽተት ብሎ የሚከፍት እንዳይኖር፣ ሁሌ አንድ አለ እሱን በአይን ያዙት።

ሲያልቅ እንደተዘጋ፣ ክዳኑን ትንሽ ብቻ አላልታችሁ፣ እዛው ፕሬሸር ኩከር ውስጥ ሌላ 30 ደቂቃ ቀቅላችሁ ነው የምትጥሉት። ጠረጴዛውን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ጥረጉ፣ ዩኒፎርም ላይ እንዳይፈናጠቅ ብቻ፣ የወላጅ ስልክ አይቻልም።